ከሻንቶ እስከ አባያ ደሴቶች

«ደሴት» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሩቅ ባሕር፣ ነጭ አሸዋና አውሮፕላን የሚጠይቅ መንገድ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ከወላይታ ሶዶ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ሰው የሚኖርባቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ ዙሪያቸውን አዞና ጉማሬ የከበባቸው ደሴቶች እንዳሉ እየሰማን አድገናል። ሆኖም አንድም ቀን ሄደን ለማየት አላሰብንም። በመጨረሻ ለጉዞው ምክንያት የሆነን አንድ ትንሽ ዕቃ ነው።

ጅዳ የሚኖር ዘመዳችን ለዒድ ከላከልን ዕቃ መካከል ለልጃችን የመጣ የመዋኛ መነጽር ነበረበት። ዓይንንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን፣ ከጎኑም መተንፈሻ ቱቦ ያለው ነው። ዘመዳችን በስልክ እንደነገረን፣ ቀይ ባሕር ዳር ይህን አጥልቆ ፊቱን ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ከታች ያለውን ኮራልና በየቀለሙ የሚተራመሰውን ዓሣ በሱቅ መስታወት ውስጥ እንዳለ ዕቃ ያየዋል። የ11 ዓመቱ ልጃችን ይህን ከሰማ ጀምሮ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ባልዲ ውስጥ እየነከረ የቤቱን ሰው ሁሉ ሲያስቅ ሰነበተ። በኋላ ግን ሰለቸውና «ባልዲ ውስጥ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ያለበት ውሰዱኝ» አለን።

እውነቱን ነው። እኛም መክረን የሦስት ቀን ጉዞ አሰብን። ከእኛ ጋር እንዲሄዱ አጎታችንን ለመንናቸው። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሲሆን፣ ከሻንቶ ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ፣ ውኃው ወደ ብላቴ ወንዝ በሚያዘነብልበት ተዳፋት ላይ እንሰት፣ በቆሎና ስኳር ድንች ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው። «ወንዙ የሚገባበትን ሐይቅ አይቼው አላውቅም። ሳልሞት ልየው» አሉና ነጭ ኮፍያቸውን አጥበው ለመንገድ ተዘጋጁ።

በመንገድ ላይ

ከሻንቶ የተነሳነው በጥቅምት ወር፣ የፈጅርን ሶላት እንደሰገድን ነው። ሌሊቱን የጣለው ዘግይቶ የመጣ ዝናብ መንገዱን አርሶታል። በመንገዱ ዳር ያለው ቦይ የበርበሬ ወጥ የመሰለ ቀይ ውኃ ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። አጎታችን በመኪናው መስኮት ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ይኸው ደግሞ ሄደ» አሉ። ዝናቡን ይሆናል ብለን ዝም አልን። ምን ማለታቸው እንደነበረ የገባን በማግስቱ ነው።

ወላይታን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ምድሩ ከፍታ ነው። ከሶዶ ከተማ ራስጌ የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ሕዝቡ በአገራችን እጅግ ተቀራርበው ከሚኖሩት አንዱ በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው፤ ከአባት ለልጆች ሲከፋፈል ደግሞ ይብሱን ይጠብባል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው መሬት ውኃውን ለኦሞ ወንዝ ይሰጣል፤ ኦሞም ይዞት ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ደግሞ ለብላቴ ይሰጣል። ብላቴ ከሰሜን፣ ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ተነስቶ፣ በሐላባ በኩል አልፎ፣ የወላይታን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ በስልጤና በሐላባ የምትኖሩ አንባቢዎቻችንም የምንነግራችሁ ስለ ራሳችሁ ወንዝ ነው ማለት ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በሶዶ ቁርስ አድርገን ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወረድን። ብዙም ሳንጓዝ ሁምቦ ደረስን። እዚህ ላይ መኪናውን አስቁመን በስተቀኛችን ያለውን ተራራ ለልጆቹ አሳየናቸው። አጎታችን በጎልማሳነታቸው በዚህ ሲያልፉ ተራራው ራቁቱን ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦ አልቆ፣ ጎርፉ ድንጋይ እየነዳ መንደር ይገባ ነበር። ዛሬ ተራራው በደን ተሸፍኗል።

ይህ የሆነው ችግኝ በብዛት ተተክሎ ብቻ አይደለም። ከመሬት በታች ሳይሞቱ የቀሩት የዛፍ ጉቶዎችና ሥሮች ከከብትና ከመጥረቢያ ተጠብቀው፣ የሚያወጡት ቀንበጥ እየተመረጠና እየተገረዘ እንዲያድግ በመደረጉ ነው። ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር በጀመረው በዚህ ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ፣ ገበሬዎቹ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ተረክበዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ስምምነት ሲመዘገብ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። ደኑ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን ማኅበራቱ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። አጎታችን ግን ስለ ካርቦኑ አልጠየቁም። «ጎርፉስ?» ብለው ነው የጠየቁት። በመንገድ ዳር ማር የሚሸጥ አንድ የሁምቦ ሰው «ጋሼ፣ ድሮ የሚያስፈራን እሱ ነበር፤ አሁን ረስተነዋል» ሲል መለሰላቸው።

ቀዩ ሐይቅ

የመጀመሪያውን ሌሊት ያሳለፍነው በሶዶና በአርባ ምንጭ መካከል በሚገኘው በምዕራብ አባያ፣ የሙዝ ማሳ በከበበው መንደር ነው። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ማልደን የሄድንበት ምክንያት አለው። አባያ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ በመሆኑ ከቀትር በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል። የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚመክረው በጠዋት መሄድና ንፋሱ ሳይነሳ መመለስን ነው።

ጀልባው ዳር ስንደርስ ለዘጠኝ ሰው አራት የመንሳፈፊያ ጃኬት ብቻ ቀርቦ አገኘን። ባለጀልባው «ዘወትር እንዲሁ ነው የምንሄደው፣ ምንም አይሆን» አለን። እኛ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ካልመጣ አንሳፈርም አልን። ከአንድ ሰዓት ጥበቃ በኋላ የጎደለው ተለቅሞ መጣ። ይህን የምንጽፈው ሰውየውን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ነገ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ አባቶችና እናቶች በአንድ ሰዓት መዘግየት እንዳታፍሩ ብለን ነው። በአላህ መመካት ማለት ጃኬቱን ትቶ መሳፈር ማለት አይደለምና። ጃኬታችንን አጥልቀን፣ የመንገድ ዱዓ አድርገን ተነሳን።

አባያ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዚህ ያለፈው ቦቴጎ የተባለ ጣሊያናዊ መንገደኛ በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎ ሰይሞት በአውሮፓ ካርታዎች ላይ ብዙ ዘመን በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዙሪያውን የሚኖረው ሕዝብ ግን ስም ሊያወጣለት እንግዳ አልጠበቀም።

ከዳሩ ራቅ ስንል ልጃችን መነጽሩን አጠለቀና በጀልባው ጠርዝ ላይ ሊያጎነብስ ሲል ባለጀልባው ጃኬቱን ከኋላ ጨምድዶ ያዘው። «ልጄ፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ እጅ እንኳ አይገባም። አዞ አለ። ደግሞስ ምን ልታይ?» አለው። እውነትም የሚታይ ነገር የለም። ውኃው ከሻይ በወተት ይቀላል። ልጁ ሲያኮርፍ ባለጀልባው አዘነለትና አንድ ባዶ ሃይላንድ በገመድ አስሮ ከሐይቁ ቀድቶ ሰጠው። ልጁም ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ከኋላው ጣቶቹን ደቀነ። ጣቶቹ አልታዩም።

«ለምንድን ነው የማይታየው? ቀይ ባሕር ቀይ ተብሎ ውኃው ጥርት ያለ ነው ተባለ፤ ይህ ደግሞ ስሙ ቀይ ሳይሆን ቀይ ሆነ» አለ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባም። ዳርና ዳሩ በረሃ ነው። አፈር የሚያመጣበት ስለሌለ ብርሃን ጠልቆ ይገባል፣ ኮራሉም በብርሃኑ ይኖራል፣ ዓሣውም በኮራሉ ይጠለላል። አባያ ግን ብላቴን የመሰሉ ወንዞች ከየደጋው አፈር ተሸክመው የሚገቡበት ሐይቅ ነው። ከአፈሩ ውስጥ በጣም የደቀቀው ሸክላ ውኃ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ተጠራቅመው አይወርዱም። ሊወርድ የጀመረውንም ንፋስ ከሥር ያናውጠዋል። እርግጥ አባያ ቀይ የሆነው ዛሬ አይደለም፤ ከጥንትም ቀልቶ የኖረ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ደጋው በተራቆተ ቁጥር የሚወርድለት አፈር እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ከአፈሩ ሌላ ችግርም መጥቷል። ጣና ሐይቅን ያስቸገረው እምቦጭ በአባያም ዳርቻ ታይቷል። ባለጀልባው አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለውን ነገር በጣቱ እያሳየ «ሲያብብ ያምራል። ሞተሩ ላይ ሲጠመጠም ግን ያስለቅሳል» አለን።

ደሴቱ ላይ

አባያ ውስጥ አሩሮ፣ ግዲቾ፣ ወለጌና ሌሎችም ደሴቶች አሉ። እኛ ያመራነው ወደ ግዲቾ ነው። በመንገዳችን ላይ ሁለት ጉማሬዎች ጆሮቻቸውን እያርገበገቡ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ባለጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ዙሪያ ጥምጥም ወሰደን። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ የማይጎዳ የሚመስላቸው አሉ። ግልገል ያላት እንስት ወይም መንገዱ የተዘጋበት ጉማሬ ግን ጀልባ ይገለብጣል። ፔሊካኖች በመስመር ተሰልፈው ውኃውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው እየበረሩ አለፉን። ከአንድ ደረቅ ዛፍ ላይ ራሱ ነጭ የሆነ ዓሣ አዳኝ ንስር ጮኸ።

ወደ ደሴቱ ስንቃረብ ሁለት ወጣቶች ቆመው የሚቀዝፉት ታንኳ አገኘን። ታንኳው ውኃ ዳር ከሚበቅል፣ እንደ ቡሽ ከቀለለ እንጨት ተሳስሮ የተሠራ ነው። በውስጡ ውኃ ቢገባም አይሰጥምም፤ እንጨቱ ራሱ ይንሳፈፋልና። አጎታችን አሰላምታ ሲሰጡ አንደኛው የመለሰውን ሰሙና ዘወር ብለው «ከምንለው ጋር ይቀራረባል!» አሉ። አልተሳሳቱም። በዚህ ሐይቅ ላይ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ሐሮ ነው፤ እሱም እንደ ወላይትኛ ከኦሜቶ ቋንቋዎች ወገን ነው። ሌላው ባይሶ ነው። ባይሶ ግን የሩቅ ዘመዱ ሶማሊኛ ነው። ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚናገረው ይህ ቋንቋ ከወገኖቹ ርቆ በአንድ ሐይቅ መካከል እንዴት ተጠብቆ እንደኖረ የቋንቋ ሊቃውንትን ሲያስገርም ቆይቷል። ሐሮዎች ከጥንት ጀምሮ የታንኳና የጉማሬ አደን ሰዎች ነበሩ።

ደሴቱ ላይ የቆየነው ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ልጆቹ ወዲያው ተግባቡ። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ የደሴቱ ልጅ አጥልቆ ዙሪያውን ሲመለከት ቆየና በአማርኛ «ምንም አልተጨመረም» ብሎ አሳቀን። እናቶቹ የተቀቀለ በቆሎና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልን። የዓሣው ነገር ሲነሳ አንድ አዛውንት መረቡ እንደ ድሮው እንደማይሞላ ነገሩን። ውኃው ሲደፈርስ ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብርሃን ከሌለ ዓሣው የሚመገበው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር አይበቅልም። አዛውንቱ ይህን በመጽሐፍ ቋንቋ አልተናገሩትም። «ውኃው ጨልሟል፤ ዓሣም እንደ ሰው ነው፣ በጨለማ አይበላም» ነው ያሉት።

ባለጀልባው ወደ ሰማይ እያየ ሲያጣድፈን ተሰናብተን ወጣን። ያም ሆኖ ንፋሱ ቀደመን። በመልሱ መንገድ ማዕበሉ ከጎን እየመታ ሁላችንንም አራሰን። ልጆቹ ዝም አሉ፤ እኛም በልባችን ዱዓ ስናደርግ ነበር። ለእያንዳንዳችን ጃኬት በመኖሩ ምን ያህል እንደተጽናናን እዚያ ያልነበረ ሰው አይረዳውም። አልሐምዱሊላህ፣ ከዳር ደረስን።

ኮፍያው

ዳር ላይ በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ዙሁርንና አስርን አሳጥረን አጣምረን ከሰገድን በኋላ አጎታችን ኮፍያቸውን አውልቀው አዩት። ሐይቁ የረጨበት ቦታ ሁሉ በፀሐይ ደርቆ ቀይ ዱቄት ጥሎበታል። በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፣ በሁለት ጣት መካከል አሹት፣ አሸተቱትም። ከዚያም ለልጁ አሳዩትና፦

«ይህ የማሳ አፈር ነው። ያውም የላይኛው። ከሥር ያለው አፈር ስታሸው ይሻክራል። ይህ ግን ዱቄት ነው፤ እህል የሚያበቅለው ይህ ነው። እኔ በየዓመቱ ማዳበሪያ በብድር እገዛለሁ፤ አፈሩ ደግሞ እዚህ መጥቶ ይዋኛል» አሉት።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከሻንቶ ስንነሳ ቦዩን እያዩ «ይኸው ደግሞ ሄደ» ያሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። ልጁም በሃይላንዱ የያዘውን ቀይ ውኃ ሳይደፋ ክዳኑን አጥብቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ጫሞና አርባዎቹ ምንጮች

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአርባ ምንጭ ወደ ጫሞ ሐይቅ ወረድን። አባያንና ጫሞን የሚለያቸው ቀጭን የመሬት ድልድይ ነው። አባያ ከፍ ብሎ ጫሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁለቱ እንዲህ ተጎራብተው ቀለማቸው ግን የተለያየ ነው፤ ጫሞ አረንጓዴና ሰማያዊ ያደላዋል። ዓሣውም በዚያው መጠን ይበዛል። ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ አለ። ገበያ የተባለው አዞ የሚሸጥበት ሆኖ ሳይሆን፣ እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ ነው። ከጀልባው ርዝመት ጋር የሚወዳደር አዞ አፉን ከፍቶ ተኝቶ አየን። አፉን የሚከፍተው ሙቀቱን ለማስተካከል ነው።

እንስቷ አዞ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል አጠገባቸው ትጠብቃለች። ሕፃናቱ ከውስጥ ሲጮሁ ትቆፍርላቸዋለች፤ በዚያ አስፈሪ መንጋጋዋም አንድም ሳትጎዳ ተሸክማ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው ደግሞ በጎጆው ሙቀት ነው። ሱብሐነላህ! ልጆቻችን ይህን ከሰሙ በኋላ አዞን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ።

ከሐይቁ ማዶ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ይታያል። የሜዳ አህያ ይታይበታል፤ በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቆርኬም ይታወቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በዚያ ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የገጨው የአንድ ወፍ ቅሪት አገኙ። ይዘው የተመለሱት አንድ ክንፍ ብቻ ቢሆንም በዚያች ክንፍ ምክንያት በ1995 አዲስ የወፍ ዝርያ ተመዘገበ። ገና ያልቆጠርነው ስንት ፍጥረት ይኖር ይሆን?

ከጫሞ ስንመለስ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች ለማየት ወደ ደኑ ገባን። ከገደሉ ሥር፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ውስጥ፣ ውኃው ከመሬት እየፈለቀ ይወጣል። ልጃችን ከምንጮቹ በታች፣ ሰው እጁን ከሚታጠብበት ጅረት ዳር ተንበረከከ። «እዚህስ አዞ አለ?» ሲል ጠየቀ። የለም ሲባል መነጽሩን አጥልቆ ፊቱን ነከረ። ቀና ለማለት ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ጸጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ «ጠጠሮቹን መቁጠር ይቻላል! ትንንሽ ዓሣዎችም አሉ!» ብሎ ጮኸ።

ጅዳ ያለው ዘመዳችን የነገረው ያ ሁሉ ቀለም አልነበረም። ልጁ ግን ያየው ነገር በቂው ነበር። አጎታችንም አንድ ጥያቄ ጠየቁት፦ «ይህ ውኃ ከሰማይ ሲወርድ ከአባያው ይለያል?» ልጁ አሰበና «አይለይም። ይህ በደን ውስጥ መጣ፣ ያኛው በማሳ ላይ መጣ» አለ። በእርግጥም እንዲሁ ነው። ደን ያለበት መሬት ዝናቡን ቀስ ብሎ ይጠጣና ከሥር አጣርቶ ይመልሰዋል። ራቁቱን ያለ ተዳፋት ግን ውኃውንም አፈሩንም በአንድ ላይ ይለቃል።

ወደ ቤት

ሻንቶ ስንደርስ ልጃችን ሦስት ሃይላንዶችን በመስኮቱ ላይ ደረደረ፤ ቀዩ የአባያ፣ አረንጓዴው የጫሞ፣ ጥርት ያለው የምንጩ። በሚቀጥለው ዝናብም ከደጃችን ቦይ ቀድቶ አራተኛ ጨመረ። አራተኛው ከአባያው ይልቅ ይቀላ ነበር። በማግስቱ ሲያየው ከታች ሁለት ጣት ያህል አፈር ዘቅጧል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ከሆነ፣ በአንድ ክረምት ቦይ ውስጥ ስንት ይሆናል?

ነገሩ የማሳ ልምላሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለ ቦታ ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ነበሩ። በዚያው ክረምት በእኛው በወላይታ፣ በኪንዶ ዲዳዬም ናዳ ሕይወት ቀጥፏል። አላህ ለቤተሰቦቻቸው ትዕግሥቱን ይስጥ። እንዲህ ያለ መከራ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ የዝናቡ ብዛትም የቦታው ቁልቁለትም አለበት። ነገር ግን ሥር የያዘው አፈርና ሥር ያልያዘው አፈር እኩል እንደማይቆም ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ አንድ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል? የሁምቦው ተራራ መልስ አለው፤ ጉቶ ካለ አትንቀሉት፣ ጠብቁት። በማሳ ላይ ደግሞ በእርከኑ አፋፍ ደሾ ሣር መትከል ነው። ደሾ የዚሁ የደቡብ ምድር ሣር ነው፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶም ለከብት ይሆናል። በቦዩ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ክትር መሥራት የውኃውን ሩጫ ይሰብራል። በጓሮ ያለውን እንሰት አለመመንጠር፣ ቁልቁለቱን ሳይሆን አግድሙን ማረስ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ሳይሆን ጉልበትና ጎረቤት የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ጎረቤት ያልነው በምክንያት ነው፤ ከላይ ያለው ማሳ ካልታከመ ከታች ያለው ብቻውን አይድንምና። ከኛ በታች ደግሞ መረባቸው የጎደለባቸው የደሴት ሰዎች አሉ። መሬት በእጃችን ያለ አማና ከሆነ፣ የአማናው ባለቤቶች ከዓይናችን የራቁትም ጭምር ናቸው።

አጎታችን ከጉዞው መልስ ባለው ሳምንት ከልጃችንና ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነው በማሳቸው የላይኛው አፋፍ ደሾ ተከሉ። ኮፍያቸውን አክስታችን ሊያጥቡት ሲሉ ግን «ተይው፣ ይቆይ። ልጆቹ ይዩት» ብለው ከለከሏቸው። ልጃችንም አራተኛውን ጠርሙስ ደፍቶ አጥቦ ለበልግ አስቀምጦታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከዚያው ቦይ ቀድቶ ጣቶቹን ከኋላ ሊደቅን ነው። ይታዩ ይሆን? ኢንሻ አላህ በዚያን ጊዜ እንነግራችኋለን።